በሰዓት የሮጠው፣ ሰዓት የቸረቸረው ጆ ሲፈርት

የ25,000 ፍራንክ ውል ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሐራጅ አዳራሽ ምን ወለደ?

በ1969 እና በ1970 በአውሮፓ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳዎች ሰዓት መግዛት ያማረው አሽከርካሪ ወይም መካኒክ ከተማ ወርዶ ሱቅ ለሱቅ መዞር አያስፈልገውም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መኪኖቹ ከሚሰናዱበት ግቢ ሳይወጣ ጆ ሲፈርትን ፈልጎ ማግኘት ይበቃዋል። ሪዛሙ ስዊዘርላንዳዊ ሰዓቶቹን ከፋብሪካው በጅምላ ዋጋ ይረከባል፤ ለወዳጆቹና ለተፎካካሪዎቹ ከሱቅ ዋጋ አሳንሶ ይሸጣል፤ ልዩነቱን ወደ ኪሱ ያስገባል። ከዚያም የራስ ቁሩን አጥልቆ፣ ሰዓት ከሸጠላቸው ከእነዚያው ሰዎች ጋር ሞትና ሽረት ይሽቀዳደማል።

ዛሬ አንድ ታዋቂ አሽከርካሪ የሰዓት ኩባንያ «አምባሳደር» ሆኖ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ መቀበሉ ለማንም አያስገርምም። ይህ ንግድ ሲጀመር ግን ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ፣ ልብስ ላይ የተሰፋ አንድ ምልክት፣ በተጨማሪም ሰዓት በጅምላ ዋጋ የመግዛት መብት። ለመሆኑ በዚህ ውል ማን ምን አተረፈ? ጥያቄው ከሃምሳ ዓመት በኋላም መልሱ አንድ ብቻ አልሆነም።

ቆራሌውን የመሰለ ልጅነት

ሲፈርት ጁላይ 7 ቀን 1936 በስዊዘርላንዷ ፍሪቡር ከተማ ተወለደ። አባቱ የወተት ንግድ የነበራቸው ቢሆንም ቤተሰቡ ከድህነት የራቀ አልነበረም። ልጁ በትንሽነቱ አሮጌ ጨርቅ ይለቅም፣ አበባ ይሸጥ፣ ወታደሮች ኢላማ ከሚተኩሱበት ሜዳ የጥይት ቀለህ ሰብስቦ ለብረት ገዢዎች ያቀርብ ነበር። ስዊዘርላንድ ሲባል ባንክና ቸኮሌት ብቻ ለሚታየው አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል እንጂ፣ ይህ በእኛ ሰፈር ቆራሌው የሚሠራው ሥራ ነው።

ሙያው ባትላሜራ ነበር። የተጨማደደ መኪና እያቃና፣ አሮጌ መኪና እየገዛና እየሸጠ ለሞተር ብስክሌት የሚሆነውን ገንዘብ አጠራቀመ። በ1959 በ350 ሲሲ የስዊዘርላንድ የሞተር ብስክሌት ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወደ መኪና ዞሮ በ1962 ፎርሙላ ዋን ገባ። በዚያን ዘመን የውድድር አዘጋጆች መኪና ይዞ ለሚቀርብ ሰው የመነሻ ገንዘብ ይከፍሉ ስለነበር፣ የራሱን መኪና የሚያንቀሳቅስ ሰው ኑሮው ካንዱ ውድድር የመነሻ ገንዘብ እስከ ሌላው ነው። መኪናው ከተሰበረ ገቢው ተቋረጠ ማለት ነው። ሲፈርት በዚህ ዓይነት ኑሮ ውስጥ ሆኖ ነው በ1964 እና በ1965 በሲሲሊ ደሴት በኤና ከተማ አጠገብ በተካሄደው የሜዲትራንያን ግራንድ ፕሪ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የዘመኑን ቁንጮ ጂም ክላርክን የቀደመው። ውድድሩ ለዓለም ሻምፒዮና ነጥብ የማይቆጠርበት ቢሆንም ወሬው በሁሉም ጋራዥ ተዳረሰ።

ከ1965 ጀምሮ ሮብ ዎከር ለተባለ እንግሊዛዊ መንዳት ያዘ። ዎከር የጆኒ ዎከር ዊስኪ ቤተሰብ ተወላጅ ሲሆን፣ መኪና ራሱ ሳይሠራ ከሌላ ገዝቶ በራሱ ቀለም የሚያሰልፍ ጨዋ ባለሀብት ነበር። ሁለቱን ያስተሳሰራቸው ታሪክ በ1968 በእንግሊዝ አገር ብራንድስ ሃች በተባለው ሜዳ ተፈጸመ። በዚያው ዓመት በመጋቢት አካባቢ ሲፈርት በልምምድ ላይ ሳለ ዎከር አዲስ የገዛውን ሎተስ 49 በዚህ ሜዳ አጋጨ። የተሰበረው መኪና ጋራዥ ገብቶ ሲፈታ እሳት ተነሣና ከመኪናው አልፎ ጋራዡን ከነንብረቱ በላው። ዎከር ከሥራው ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ ሌላ ሎተስ ገዛ። አዲሱ መኪና ለውድድሩ የደረሰው ለጥቂት ነው። ጁላይ 20 ቀን 1968 በዚያው በብራንድስ ሃች የእንግሊዝ ግራንድ ፕሪ ሲካሄድ፣ ሲፈርት የፌራሪውን ክሪስ ኤመንን በአራት ሰኮንድ ገደማ ቀድሞ አሸነፈ። ከሌላ ፋብሪካ መኪና የገዛ የግል ባለሀብት የፎርሙላ ዋን ውድድር ሲያሸንፍ የመጨረሻው ጊዜ ነው ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

በስፖርት መኪና ደግሞ ሰውየው ከዚህም የበለጠ ነበር። ለፖርሸ በ1968 የዴይቶናን የ24 ሰዓትና የሴብሪንግን የ12 ሰዓት ውድድሮች ከባልደረቦቹ ጋር አሸነፈ። በ1969 ከብሪያን ሬድማን ጋር ተጣምሮ ከብራንድስ ሃች እስከ ኑርቡርግሪንግ ድል በድል ሆነ። ነጂዎች ሁሉ ይፈሩት የነበረውን ፖርሸ 917 ለመጀመሪያ ጊዜ ለድል ያበቃውም፣ በ1969 በኦስትሪያ ከኩርት አህረንስ ጋር ሆኖ እሱ ነው። ፖርሸ ይህን ሰው ፌራሪ እንዳይወስድበት ሲል በ1970 በሌላ ኩባንያ መኪና ፎርሙላ ዋን የሚነዳበትን ወጪ እስከ መሸፈን ደርሷል። የሲፈርት ዋጋ ምን ያህል እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

የጃክ ሆየር ስሌት

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። የሆየር ኩባንያ የተመሠረተው በ1860 ሲሆን፣ በ1960ዎቹ የሚመራው የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅ ጃክ ሆየር ነበር። ኩባንያው የታወቀው ሰኮንድና የሰኮንድ ክፋይ በሚለኩ ሰዓቶች ነው። «አውታቪያ» የሚለው ስም አውቶሞቢልና አቪየሽን ከሚሉት ቃላት የተገጣጠመ ሆኖ፣ በ1933 በመኪናና በአውሮፕላን ዳሽቦርድ ላይ ለሚገጠም ሰዓት የወጣ ነበር። በ1962 ስሙ ወደ እጅ ሰዓት ተዛወረ። በ1963 «ካሬራ» ተከተለው።

በዚያን ጊዜ በሰዓት ሠሪዎች ዘንድ ትልቁ ፉክክር ሰኮንድ የሚቆጥረውን ክሮኖግራፍ፣ በባለቤቱ እጅ እንቅስቃሴ ራሱን በራሱ የሚሞላ አድርጎ ለመሥራት ነበር። ሆየር ወጪውን ብቻውን ስለማይችለው ከተፎካካሪው ከብራይትሊንግ፣ ከሃሚልተን ቡረንና ከዱቡዋ ዴፕራ ጋር ተሻረከ። ማርች 3 ቀን 1969 በጄኔቭና በኒውዮርክ በአንድ ቀን መግለጫ ሰጥተው ውጤታቸውን ይፋ አደረጉ። ዜኒት ከሁለት ወር በፊት በጃንዋሪ የራሱን አስታውቆ ነበር፤ የጃፓኑ ሴይኮም በዚያው ዓመት የራሱን ወደ ገበያ አወጣ። «ማን ቀደመ?» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም።

ገበያ ለሚከታተል ሰው ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ሦስት ባለቤቶች አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ዓመት ይዘው ከወጡ፣ ልዩነቱ ከዕቃው ይልቅ በማስታወቂያው ላይ ይሆናል። ጃክ ሆየር ደግሞ እንደ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በየጋዜጣውና በየቴሌቪዥኑ የሚበትነው ገንዘብ አልነበረውም። እንደ አጋጣሚ በ1968 በፎርሙላ ዋን መኪኖች ላይ የንግድ ማስታወቂያ መለጠፍ በመፈቀዱ፣ ሎተስ የሲጋራ ፓኮ ቀለም ተቀብቶ መሮጥ ጀምሯል። ጃክ ሆየር የስፖንሰሩን በር በርካሽ ለመክፈት የመረጠው ያገሩን ልጅ ነው።

ውሉ በ1969 ተፈረመ። ሲፈርት በዓመት 25,000 የስዊስ ፍራንክ ይከፈለዋል። በዘመኑ ምንዛሪ ከ6,000 ዶላር በታች መሆኑ ነው። በምላሹ የሆየር ምልክት በመኪናው ላይ ይለጠፋል፣ በቱታው ደረት ላይ ይሰፋል፣ አውታቪያው በእጁ ላይ ይታሰራል። ሰዓት በጅምላ ዋጋ የመውሰዱ መብት በዚህ ላይ የተመረቀ ነው።

ብልጠቱ ያለው እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጃክ ሆየር የከፈለው ለአንድ ሰው ሲሆን ያገኘው አንድ ወኪል ነጋዴ ነው። ሲፈርት ለራሱ ትርፍ ሲል በሸጠው መጠን የሆየር ሰዓት በየአሽከርካሪው እጅ ይገባል፤ ፎቶ አንሺው የሚያነሣው ደግሞ እነዚህኑ እጆች ነው። ሌሎቹ አሽከርካሪዎች ያለ ምንም ክፍያ፣ እንዲያውም ከራሳቸው ኪስ እየከፈሉ የኩባንያው ማስታወቂያ ሆኑ። የቀለህ ለቃሚው ልጅ በዚህ እንደተበለጠ የቆጠረው አይመስልም። ሻጩም ገዢውም ረክተው የሚለያዩበት ገበያ አይቶ ያደገ ሰው ነው።

ተዋናዩ የሲፈርትን ልብስ ሲለብስ

በ1970 አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ስቲቭ ማክዊን «ለ ማን» የተባለውን ፊልም ለመሥራት ፈረንሳይ አገር መጣ። ሲፈርት በፊልሙ ሥራ ላይ ከነበሩት እውነተኛ አሽከርካሪዎች አንዱ ሲሆን፣ ማክዊን መምሰል የፈለገው እሱን ነው። በመሆኑም ነጩን ቱታ ከነሆየር ምልክቱ ለበሰ። ምልክቱ ደረት ላይ ካለ ሰዓቱም ሆየር መሆን ስላለበት የፊልሙ ዕቃ አቅራቢ ኩባንያውን ጠየቀ፤ ልዩ ልዩ ሰዓቶች ተላኩ። ማክዊን ያነሣው ግን ሲፈርት ያስር የነበረውን አውታቪያ ሳይሆን አራት ማዕዘኑን ሰማያዊ «ሞናኮ» ነው። ለዚህም ዋናው ምክንያት ውበት አልነበረም። ለፊልም ሥራ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው በርካታ ሰዓቶች ስለሚያስፈልጉ በብዛት የተገኘው እሱ ስለሆነ ነው ይባላል።

ፊልሙ በ1971 ሲወጣ ገንዘብ አላስገኘም። አራት ማዕዘኑ ሰዓትም በሱቅ መስኮት አቧራ ጠጣ፤ ገዢ ስላልነበረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ምርቱ ተቋረጠ። በዚያ ዓመት ማንም ነጋዴ ቢጠየቅ «ከሁለቱ የቱን ላስቀምጥ?» ለሚለው መልሱ አውታቪያ ይሆን ነበር።

ኦክቶበር 24 ቀን 1971

ሲፈርት በ1971 ወደ እንግሊዙ ቢ.አር.ኤም. ቡድን ተዛወረ። በጁላይ የቡድኑ ባልደረባና በፖርሸም የቅርብ ተፎካካሪው የነበረው ሜክሲኳዊው ፔድሮ ሮድሪጌዝ በጀርመን አገር በውድድር ላይ ሞተ፤ ቡድኑን መምራት በሲፈርት ላይ ወደቀ። ኦገስት 15 ቀን በኦስትሪያ ግራንድ ፕሪ ከፊት ተነሥቶ፣ ሁሉንም ዙር መርቶ፣ በመጨረሻዎቹ ዙሮች አየር እየለቀቀ በነበረ ጎማ ኤመርሰን ፊቲፓልዲን አስከትሎ ገባ። ከ96 የፎርሙላ ዋን ውድድሮች ሁለተኛውና የመጨረሻው ድሉ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ጃኪ ስቱዋርት የዓለም ሻምፒዮን በመሆኑ ለክብሩ በብራንድስ ሃች ነጥብ የማይያዝበት ውድድር ተዘጋጀ። የሲፈርት መኪና ከመንገድ ወጥታ ከተዳፋቱ ጋር ተላትማ ተገለበጠችና እሳት ያዛት። ሲፈርት ከግጭቱ የደረሰበት ጉዳት የእግር ስብራት ብቻ ነበር። የገደለው ጭሱ ነው። በአካባቢው የነበሩት እሳት ማጥፊያዎች እንደሚገባ ባለመሥራታቸውና ነበልባሉ ስላየለ ሊያወጣው የቻለ አልነበረም። ዕድሜው 35 ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የከበረበት ሜዳ ነው።

ከምርመራው በኋላ በመኪናው ውስጥ የሚገጠም እሳት ማጥፊያና ወደ አሽከርካሪው የራስ ቁር በቱቦ የሚገባ አየር ግዴታ ሆኑ። በፍሪቡር ቀብሩ ላይ የተገኘው ሕዝብ 50,000 ያህል ሲገመት፣ ከአስከሬኑ ፊት ይሄድ የነበረው ፖርሸ 917 ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን እንተሳሰብ። ከ1969 እስከ 1971 ሦስቱም ዓመት ሙሉ ተከፍሎት ቢሆን እንኳ ሆየር ለሲፈርት ያወጣው 75,000 ፍራንክ ነው። ኩባንያው በዚህ መንገድ የገባበት የእሽቅድምድም ዓለም ግን አልተዘጋበትም። በ1971 ከፌራሪ ጋር ተዋውሎ የጊዜ መለኪያ መሣሪያውን እያቀረበ ምልክቱን በቀዩ መኪና ላይ አወጣ፤ ይህም ግንኙነት እስከ 1979 ዘለቀ።

ሰዓቱ ሲወድቅና ሲነሣ

ይህ ሁሉ ማስታወቂያ ኩባንያውን ከመውደቅ አላዳነውም። ሴይኮ በ1969 የገና ዕለት ለሽያጭ ያቀረበው የኳርትዝ ሰዓት በባትሪ የሚሠራና ከስዊሶቹ የበለጠ ጊዜ የማይስት ነበር። ዋጋው በየዓመቱ ሲረክስ የስዊስ ፋብሪካዎች ተራ በተራ ተዘጉ። ጃክ ሆየር በ1982 የቤተሰቡን ኩባንያ አጣ። በ1985 ታግ የተባለው ድርጅት ገዛውና ታግ ሆየር ተባለ። በ1999 ደግሞ የቅንጦት ዕቃዎች ነጋዴው ኤል.ቪ.ኤም.ኤች. ጠቀለለው። አዲሶቹ ባለቤቶች ጃክ ሆየርን በ2001 በክብር ሊቀ መንበርነት መልሰው የጠሩት፣ ከፋብሪካው የማሽን ዕቃ ይልቅ የቀድሞው ታሪክ ዋጋ እንዳለው ስለገባቸው ነው። ሞናኮ ቀደም ብሎ በ1998 እንደገና ተሠርቶ ነበር፤ በ2003 አውታቪያ ሲመለስ ከቀለሞቹ አንዱ የሲፈርት ሆነ።

የሲፈርት ቀለም የሚባለው የትኛው ነው? ሰብሳቢዎች «ሲፈርት» ብለው የሚጠሩት ቁጥሩ 1163 የሆነውን፣ ፊቱ ነጭ፣ ትንንሾቹ ቆጣሪዎች ጥቁር፣ ጠቋሚዎቹና ምልክቶቹ ላይ ሰማያዊ ጣል ያለበትን አውታቪያ ነው። መሙያው እንደ ሌላው ሰዓት በቀኝ ሳይሆን በግራ ነው። ስሙን ያወጣለት ሲፈርትን በፎቶ ላይ ያየው ገዢ ነው። በገበያም ከተለመደው ጥቁር ፊት አውታቪያ የበለጠ ይጠራል።

ይሁንና ትልቁን ገንዘብ ያመጣው በሱቅ መስኮት አቧራ የጠጣው ሞናኮ ሆነ። ማክዊን ለፊልሙ ከተጠቀመባቸው አንዱ በ2012 በአሜሪካ በሐራጅ 799,500 ዶላር ወጣ። ሌላውን ማክዊን ለዋና መካኒኩ አበርክቶለት ኖሮ፣ ከጀርባው የመካኒኩ ስምና «ለ ማን 1970» የሚል ተቀርጾበት ነበር። ይኸው ሰዓት በዲሴምበር 2020 በኒውዮርክ በፊሊፕስ ሐራጅ ቤት 2,208,000 ዶላር ተሸጠ። ተዋናይም የመኪና ተወዳዳሪም የነበረው ፖል ኒውማን ያስረው የነበረው ሮሌክስ ዴይቶና በ2017 በዚሁ ቤት 17,752,500 ዶላር ከወጣ ወዲህ፣ የእሽቅድምድም ሰዓት ገበያ እንደ ቀድሞው አልሆነም። የዚያ ሰዓት ፊትም በጊዜው ገዢ የሸሸው ዓይነት ነበር።

የሲፈርትን ልብስ የለበሰው ተዋናይ የእጅ ሰዓት ሚሊዮን ሲያወጣ፣ ልብሱን መጀመሪያ የለበሰው ሰው ስም የተለጠፈበት ሰዓት ዋጋው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ፍርደ ገምድል የሚል ይኖራል። ገበያው ግን የራሱ አመክንዮ አለው። ከፊልሙ የወጡት ሞናኮዎች በጣት የሚቆጠሩና እያንዳንዳቸው ታሪካቸው በማስረጃ የተያዘ ሲሆን፣ ነጩ አውታቪያ ለማንኛውም ገዢ ሲሸጥ የኖረ የፋብሪካ ምርት ነው። ስሙ የሲፈርት ይሁን እንጂ ሲፈርት ነክቶት አያውቅም።

ስለዚህም በዚህ ሰዓት ላይ ገንዘብ ማዋል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚመለከተው ፊቱን ነው። ለጥገና ፋብሪካ የገባ ሰዓት ፊቱ በአዲስ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ የተለወጠ ፊት ደግሞ ምንም ቢያምር ዋጋ ያወርዳል። በጨለማ የሚያበራው ቀለም በጠቋሚዎቹና በፊቱ ላይ አንድ ዓይነት እርጅና ማሳየት አለበት። አንዱ ቢጫ ሌላው ነጭ ከሆነ አንዳቸው በኋላ የተቀቡ ናቸው። ቀፎው በሞረድ በዝቶ ጠርዙ ከሟሸሸ ያብረቀርቃል እንጂ ሰብሳቢ አይወደውም። ያረጀ ዕቃ አብረቅርቆ መሸጥ ለለመደ ነጋዴ ይህ የተገላቢጦሽ ገበያ ነው፤ ቧጨራው ዋጋ አለው፣ ውልወላው ኪሣራ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ግን ወረቀት ነው። ሲፈርት ከመኪናው ጎን ቆሞ ለባልደረቦቹና ለመካኒኮቹ የሸጣቸው ሰዓቶች የሆነ ቦታ አሉ፤ በሳጥን ውስጥ፣ በልጆች እጅ፣ ምናልባትም ባለቤቱ ተራ አሮጌ ሰዓት ነው ብሎ በሚያስረው እጅ ላይ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከሲፈርት እጅ መገዛቱን የሚያረጋግጥ የዚያን ዘመን ደብዳቤ ወይም ፎቶ ይዞ ሐራጅ አዳራሽ ቢገባ፣ ለነጭ አውታቪያ እስከ ዛሬ በሚጠራው ዋጋ የሚቆም አይደለም።